የተጠናቀቀ የሶፍትዌር ተግባር ስሕተት ሲገኝበት እርማቱ የሚከናወንበትና የሚመዘገብበት አግባብ

የመንግሥት አገልግሎቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ዲጂታል ሥርዓት እየገቡ በመሆናቸው፣ የአንድ ዜጋ የልደት ቀን፣ የግብር ዕዳ ወይም የጡረታ መዋጮ በትክክል መመዝገቡ በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጥንቃቄ ላይ ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ በተጻፉ ጥቂት መስመሮች ላይም የተመሠረተ ሆኗል። እነዚህ መስመሮች አንድ ጊዜ ተጽፈው የሚቀሩ አይደሉም፤ ሕግ ሲሻሻል፣ አዲስ ቅጽ ሲወጣ፣ ጉድለት ሲታይ ይለወጣሉ። ለውጡ በዘፈቀደ እንዳይሆን የሚመራበት አሠራር የሶፍትዌር ለውጥ አስተዳደር ይባላል።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ለውጥ ቁጥር ተሰጥቶት እንደ አንድ ተግባር ይመዘገባል። ለውጡን ማን እንደጠየቀ፣ ማን እንደሠራው፣ የትኞቹ ፋይሎች እንደተነኩና ማን እንደፈተሸው በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ በመጨረሻም «ተጠናቋል» የሚል ምልክት ይደረግበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ተጠናቋል» ከተባለ በኋላ ስሕተት የተገኘበት ተግባር እንዴት ሊታረም እንደሚገባ ማብራራት ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የባለሙያዎች የውስጥ ሥራ ይመስላል። ሆኖም ስሕተቱ ራሱ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ በጥድፊያ የተደረገው እርማት ያደረሰው የበለጠበት አጋጣሚ አለ፤ ከዚህ በታች አንዱን እንመለከታለን።

በቅድሚያ የቃሉ ትርጉም ግልጽ ሊሆን ይገባል። «ተጠናቋል» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም፤ ሠሪው ሥራውን ፈጽሞ ለሌሎች አስረክቧል ማለት ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሌሎች ሶፍትዌር አልሚዎች ይገነቡበታል፣ ፈታሾች ይወስዱታል፣ ቅርንጫፍ ቢሮዎች በሰርቨሮቻቸው ላይ ይጭኑታል። የተጠናቀቀ ተግባር ከሠሪው እጅ የወጣ ተግባር ነው። የእርማቱ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የጳጉሜን 6 ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ፤ ምሳሌው ለማብራሪያ የተዘጋጀ እንጂ በአንድ ተቋም የደረሰ አይደለም። አንድ የወሳኝ ኩነት መመዝገቢያ ሥርዓት የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚቀይር ክፍል አስፈለገው እንበል። ሥራው ተግባር ቁጥር 118 ተብሎ ተመዘገበ፤ በ2014 ዓ.ም. ተሠርቶና ተፈትሾ «ተጠናቋል» ተባለ። አልሚው ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ በማይኖረው ዓመት እንደሆነ አድርጎ ጻፈ። ይህ ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በአብዛኛው የሚሠራ ደንብ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ ነው። 2011 እና 2015 እንዲህ ያሉ ዓመታት ናቸው። ከፈታሾቹ መካከል ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ጥያቄ ይገኝ ነበር።

የዚህ ስሕተት አስቸጋሪነት ራሱን መደበቁ ነው። ፕሮግራሙ በ2015 ዓ.ም. የነበረችውን ጳጉሜን 6 አይቀበልም፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሌለችውን ጳጉሜን 6 ይቀበላል። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም 2016 ዓ.ም. በሙሉ፣ ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀየር ቀን ሁሉ አንድ ቀን ይጎድለዋል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 መሆን ሲገባው ሴፕቴምበር 11 ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው የዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ድረስ ሁሉም ቀን ትክክል ይሆናል። በመሆኑም በ2014 ዓ.ም. ቀኖች ብቻ የተደረገ ፍተሻ፣ የዓመቱን ቀናት አንድ በአንድ ቢሞክር እንኳ ምንም ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ለምዝገባ ሲቀርብ ሥርዓቱ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። ወረፋ የበዛበት መዝጋቢ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሎ ይመዘግባል። በአንድ ቀን ልዩነት የልጁ የልደት ዓመት ተለወጠ፤ ወደፊት ትምህርት ቤት ሲገባም ሆነ ዕድሜ በሚጠየቅበት ጉዳይ ሁሉ የሚከተለው የተሳሳተው ዓመት ነው። በሌላ በኩል ሁለተኛ አልሚ በ2016 ዓ.ም. የወርሃዊ ሪፖርት ማውጫውን፣ ተግባር ቁጥር 131ን ሲሠራ የአንድ ቀን ጉድለት አየ። ምክንያቱን ሳይጠይቅ በራሱ ክፍል ውስጥ «አንድ ቀን ጨምር» የሚል መስመር አስገባ። በመጨረሻ ቅሬታው ተጠራቅሞ ማእከል ሲደርስና የ118 ስሕተት ሲታወቅ፣ የስሕተቱ ውጤት በሦስት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል፤ በፕሮግራሙ፣ በተመዘገቡት ሰዎች መረጃና በ131 ውስጥ።

መልሶ መክፈት ወይስ አዲስ የእርማት ተግባር

በዚህ ጊዜ ብዙዎችን የሚቀናቸው መንገድ 118ን መልሶ መክፈት፣ የተሳሳተችውን መስመር ማስተካከልና እንደገና «ተጠናቋል» ብሎ መዝጋት ነው። አጭር ነው፤ ንጹሕም ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ «118 ተጭኖልናል» ከሚሉ ሁለት ቢሮዎች አንዱ የተሳሳተውን፣ ሌላው የታረመውን ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱ አይለዩም። 118ን ያጸደቀው ፈታሽ ፊርማ እርሱ ባላየው ሥራ ላይ ይቀራል። 131ን የሠራው አልሚም ሥራው የቆመበት መሠረት መለወጡን የሚነግረው የለም፤ የጨመራት አንድ ቀን ከዚህ በኋላ ራሷ ስሕተት ትሆናለች።

ትክክለኛው አሠራር የ118ን ይዘት እንዳለ ትቶ አዲስ የእርማት ተግባር መክፈት ነው፤ ቁጥሩ 164 ይሁን። 164 የሚያርመው 118ን መሆኑ በመዝገቡ ላይ ይያያዛል፤ በ118 ገጽ ላይም «በ164 ታርሟል» የሚል ማመላከቻ ይጨመራል። 118 በ2014 ዓ.ም. ተጠናቀቀ መባሉ እውነት ነው፤ ስሕተት የነበረበት መሆኑም እውነት ነው፤ መዝገቡ ሁለቱንም ይይዛል። 118ን የወሰደ ማንኛውም ቢሮ 164ንም መውሰድ እንዳለበት ከመዝገቡ ሊረዳ ይችላል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ወጪ የሆነ ደብዳቤ ስሕተት ሲገኝበት ከመዝገብ ወጥቶ አይፋቅም። የቀድሞውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሶ የሚያስተካክል ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ግልባጩም የመጀመሪያው ለደረሳቸው ሁሉ ይላካል። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ሕግ በኅትመቱ ላይ ስሕተት ሲታይም በጋዜጣው ማረሚያ ይወጣል እንጂ የተሠራጨው ቅጂ ተሰብስቦ አይታደስም። የግልባጭ ዝርዝር የሌለው የእርማት ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማንም መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

የለውጥ አስተዳደር መሣሪያዎችም የተሠሩት ይህንኑ ታሳቢ አድርገው ነው። በተግባር ላይ የተመሠረተ አሠራርን ከሚከተሉት አንዱ የሆነው ሲነርጂ የእርማት ተግባርን ከሚያርመው ተግባር ጋር ያያይዛል፤ አንድ ስሪት ስሕተት ያለበትን ተግባር ይዞ የተጠናቀቀ እርማቱን ሳይዝ ሲቀር ይህን እንደ ግጭት ቆጥሮ ያሳውቃል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጊት ደግሞ የእያንዳንዱን የተመዘገበ ለውጥ መለያ የሚያሰላው ከይዘቱና ከእርሱ በፊት ከነበረው ለውጥ መለያ ነው። ስለዚህ የቆየ ለውጥን የነካ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን መለያ ሁሉ ይለውጣል፤ ቀድሞ የወሰዱት ሰዎች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይለያያሉ። በጊት ለውጥን የመሻሪያው ትእዛዝም ቢሆን የቀድሞውን አያጠፋም፤ ተቃራኒውን የያዘ አዲስ ለውጥ ይጨምራል።

የሊነክስ ከርነል አልሚዎች በዚህ ላይ አንድ ቀላል ልማድ አላቸው። ስሕተትን የሚያርም ለውጥ ሲልኩ በመግለጫው ግርጌ «ያርማል» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ያስገባሉ፤ በመስመሩ ላይ የተሳሳተው ለውጥ መለያ የመጀመሪያዎቹ 12 ፊደላትና ርእሱ ይጻፋሉ። የቆዩ ስሪቶችን የሚጠብቁ ሰዎች ይህንን መስመር ተከትለው ስሕተቱ በየትኛው ስሪት ውስጥ እንዳለና እርማቱ ለየትኛው እንደሚያስፈልግ ይለያሉ። ከሁሉም አሠራሮች ውስጥ በማንኛውም ተቋም ነገ ሊጀመር የሚችለው ይኸኛው ነው፤ የሚጠይቀው ወጪ የአንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

መሻር የሚያስከትለው

ስሕተት የተገኘበትን ተግባር ማውጣት ወይም መሻር ብዙ ጊዜ ተገቢ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ዜጎች አገልግሎት እየጠበቁ ባለሙያው ምክንያቱን እስኪያገኝ መቆየት አይቻልም። ነገር ግን የሚሻረው ተግባር ሲነሣ በቦታው ምን ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከታወቁ አገናኝ ድርጅቶች አንዱ በነበረው በናይት ካፒታል ላይ ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. (ኦገስት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.) የደረሰው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ባለሙያው በ7ቱ ላይ ጭኖ 8ኛውን ዘለለው፤ ሥራውን የሚያመሳክር ሁለተኛ ሰው አልተመደበም፣ እንዲመደብ የሚያዝ የጽሑፍ መመሪያም አልነበረም። አዲሱ ፕሮግራም ቀድሞ ለሌላ ሥራ ያገለግል የነበረን መለያ ምልክት ለራሱ ይጠቀም ነበር። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ግን ያው ምልክት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተወውን፣ ሆኖም ከሥርዓቱ ያልተወገደውን አሮጌ ክፍል ቀሰቀሰ። ገበያው ሲከፈት ያ ሰርቨር ሳያቋርጥ የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ይልክ ጀመር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሠራተኞቹ ስሕተቱን ለማረም ሲጣደፉ አዲሱን ፕሮግራም በትክክል ከተጫነባቸው ከ7ቱ ሰርቨሮች አነሡት። አዲሱ ሲነሣ አሮጌው ተመልሶ መጣ፤ በአንድ ሰርቨር ተወስኖ የነበረው ጥፋት ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ፤ ድርጅቱም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። ኮሚሽኑ እንዳረጋገጠው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ችግሩን የሚጠቁሙ 97 የኢሜይል መልእክቶች ለሠራተኞች ደርሰው ነበር፤ መልእክቶቹ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ የሚታዩ ባለመሆናቸው በወቅቱ እርምጃ አልተወሰደባቸውም። «የትኛው ሰርቨር የትኛውን ተግባር ይዟል?» ለሚለው ጥያቄ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ቢኖር ኖሮ እርማቱ የአንድ ሰርቨር ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር።

መሻር የማይደርስበት ቦታም አለ። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሳሳተ የማዘመኛ ፋይል ለደንበኞቹ አሠራጨ፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነበር። ኩባንያው 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ፋይሉን መልሶታል፤ ከምንጩ አንጻር እርማቱ 78 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ይሁንና በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ፋይሉን ቀድመው ወስደው ተበላሽተው ነበር። የማይነሣ ኮምፒዩተር እርማት ሊያወርድ ስለማይችል ብዙዎቹ ጋ ሰው በአካል ቀርቦ ፋይሉን ማጥፋት ነበረበት። አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ለቀናት የተቸገሩት ከእርማቱ በኋላ ነው።

እርማቱ ራሱ ስሕተት ሲሆንስ? መልሱ ያው ነው፤ ለእርማቱም ሌላ የእርማት ተግባር ይከፈትለታል። በዲሴምበር 2021 እ.ኤ.አ. ሎግ4ጄ በተባለው በሰፊው የሚሠራበት የሶፍትዌር ክፍል ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ሲታወቅ ስሪት 2.15.0 እርማት ሆኖ ወጣ። እርማቱ ሙሉ አለመሆኑ ሲታይ 2.16.0፣ ከዚያም 2.17.0 እና 2.17.1 በዚያው ወር ተከታትለው ወጡ። አራት ስሪት በአንድ ወር ማውጣት ለባለሙያ አሳፋሪ ሊመስል ይችላል። አልሚዎቹ በ2.15.0 ስም ይዘቱን በዝምታ ቢለውጡ ኖሮ ግን በየአገሩ ያሉ አስተዳዳሪዎች የያዙት የትኛውን እንደሆነ ሊያውቁ ባልቻሉ ነበር።

ፕሮግራሙ ታርሞ መረጃው ሲቀር

ስሕተት ያለበት ፕሮግራም በሥራ ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ መረጃ ይጽፋል። ፕሮግራሙን ማረም የተጻፈውን መረጃ አያርመውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ የታየው ችግር ከሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ጥገናና ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ በወቅቱ መገለጹ ይታወሳል። ሥርዓቱ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ከወሰዱ ደንበኞች ገንዘቡን የማስመለሱ ሥራ ግን ሳምንታት ጠይቋል። የመረጃ እርማት ከኮድ እርማት ተለይቶ፣ ራሱን የቻለ ተግባር ሆኖ፣ ኃላፊ ተሰይሞለት መመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ በተቋማት ውስጥ ሊጤን የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የሥራ ክፍሎች በየሩብ ዓመቱ የሚመዘኑት በተጠናቀቁ ተግባራት ብዛት ብቻ ከሆነ፣ የእርማት ተግባር መክፈት እንደ ድክመት ይቆጠራል። ያን ጊዜ እርማቱ አይቀርም፤ መዝገቡ ይቀራል። ባለሙያው የተሳሳተውን መስመር በሌላ ተግባር ሥር ደብቆ ያስተካክላል፤ ሪፖርቱ መቶ በመቶ ያሳያል፤ ከስድስት ወር በኋላ የቆየ ስሪት የያዘ አንድ የወረዳ ቢሮ በዚያው ስሕተት ሲቸገር ማንም ምክንያቱን አያገኝም። ሥራው ለውጭ ድርጅት በውል በተሰጠበት ጊዜም አቅራቢው «አዲስ ስሪት ልከናል» ብሎ ብቻ እንዳያበቃ፣ ስሪቱ የያዛቸው ተግባራትና እያንዳንዱ እርማት የሚያርመው ተግባር ቁጥር ከርክክብ ሰነዱ ጋር እንዲቀርብ በውሉ ላይ ቢገለጽ ይመረጣል።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ የ118 እርማት አንድ ሳይሆን ሦስት ተግባራትን ይጠይቃል። 164 የዘመነ ሉቃስን ስሌት ያስተካክላል። 165 በ131 ውስጥ የገባችውን ተጨማሪ ቀን ያስወግዳል፤ ከ164 ተለይቶ ከተጫነ ሪፖርቱን ስለሚያዛባው ሁለቱ በአንድ ስሪት መውጣት አለባቸው። 166 የመረጃው እርማት ሲሆን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። የጎርጎርዮሳዊውን ቀን በማሽን እንደገና ማስላት ይቻላል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ተወለዱ ተብለው የተመዘገቡትን ሕፃናት ግን በማሽን በጅምላ ወደ ጳጉሜን 6 መመለስ አይቻልም፤ ከመካከላቸው በእርግጥ በዕለተ ዘመን መለወጫ የተወለዱ አሉና። እያንዳንዱ መዝገብ ከጤና ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ጋር መመሳከር፣ የምዝገባ እርማት የሚጠይቀውን ሕጋዊ ሥርዓት ተከትሎ መስተካከል፣ የተሰጠው የምስክር ወረቀትም መተካት ይኖርበታል። 164 በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል፤ 166 የመጨረሻው ቤተሰብ የታረመውን የምስክር ወረቀት እስኪረከብ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለ164 የሚዘጋጀው ፍተሻም ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን፣ ሊኖር የማይገባውን ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን፣ እንዲሁም ቀጣዩን ጳጉሜን 6 ቀን 2019ንና ማግስቱን መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም.ን የግድ ሊያካትት ይገባል።